ልጄን ቤት ላስተምር ወይ? ለጅማ ወላጆች

ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አውጥታችሁ ቤት ለማስተማር ካሰባችሁ፣ መጽሐፍም ሰሌዳም ከመግዛታችሁ በፊት ምክንያታችሁን ወረቀት ላይ ጻፉት። እናትም አባትም ለየብቻቸው ይጻፉ። ከዚያ ልጆች ሲተኙ ቁጭ ብላችሁ አስተያዩት። ብዙ ጊዜ አንዱ «ትምህርቱ አላረካኝም» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ክፍያው ከበደን»። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን ሳይነጋገሩ ዘለው የገቡ ባልና ሚስት ጥቂት ወር ሳይቆዩ መወቃቀስ ይጀምራሉ፣ መሃል ላይ የሚጉላላው ልጁ ነው።

ቤት ማስተማር ስል ልጁ መደበኛ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ንባቡን፣ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን ወላጅ ወይም ወላጅ የመረጠው ሰው ቤት ውስጥ በዕቅድ ሲያስተምረው ማለቴ ነው። ማታ የቤት ሥራ ማገዝና አስጠኚ መቅጠር ሌላ ነገር ነው። (ለብዙዎቻችሁ የሚበቃው ግን እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።)

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እንደ ዘመናዊ እንቅስቃሴ ካየነው እውነት አለው። አሜሪካ ውስጥ የገነነው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ጆን ሆልት የሚባል የቀድሞ አስተማሪ፣ ልጆች ክፍል ውስጥ መሳሳትን እየፈሩ የማወቅ ጉጉታቸው ይሞታል ብሎ ሲከራከር ኖሮ በ1977 ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ጀመረ። ከ1993 ወዲህ በሃምሳውም ግዛት ሕጋዊ ነው። ጀርመን ግን እስከ ዛሬ አትፈቅድም። ወደ እኛ ስንመጣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውጭ መማር ምንም እንግዳ አይደለም። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ወይም ቁርአን ቤት በሉሕ የተማረ ሰው በየቤቱ አለ፤ ጅማ ደግሞ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በእስልምና ትምህርት ስሟ የሚነሳ አገር ናት።

ወላጆች ለምን ይመርጡታል?

አሜሪካኖቹ ተጠይቀው መልሰዋል። የአገሪቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል በ2019 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት 80 በመቶ የሚሆኑት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች የትምህርት ቤት ድባብ አሳስቦን ነው ብለዋል፤ ደህንነት፣ ዕፅ፣ የጓደኛ ግፊት። 75 በመቶ ግብረ ገብ ለማስተማር፣ 73 በመቶ ደግሞ በትምህርቱ ስላልረኩ ነው። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ምክንያት መስጠት ይችል ስለነበር ነው ድምሩ ከመቶ የሚያልፈው። እኛ ጋ ያሉት ወላጆች ሲያወሩ የምሰማው ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ ግን የራሱ መልክ አለው።

ከሁሉ በላይ የሚነሳው የትምህርት ጥራት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዓመቱ 3.2 ሆነ። በ2016 5.4። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን በድንጋጤ ልጅ አይወጣም። መጀመሪያ የራሳችሁን ልጅ ፈትኑት፣ ዛሬ ማታ። ከመጽሐፉ ገና ያልተማረውን አንድ ገጽ ክፈቱና ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከድኖ የገባውን በራሱ አባባል ይንገራችሁ። በሚቀናው ቋንቋ ይንገራችሁ። ይህ ለጅማ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤት አማርኛ፣ ሰፈር አፋን ኦሮሞ፣ ክፍል እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ ብዙ ነው። በክልሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው 9ኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። እንግዲህ ልጁ ሳይንሱ ጠፍቶት ይሁን ቋንቋው ከብዶት ሳይለይ «ሰነፍ ነው፣ ትምህርት ቤቱም አይረባም» ብሎ መደምደም በደል ነው። ችግሩ ንባብ ከሆነ ትምህርት ቤት እየሄደ በየማታው አንድ ሰዓት ከእናንተ ጋር ቢያነብ ብዙ ይቀየራል። ማስወጣት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። በየክረምቱ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ የሚል ወረቀት ሲመጣ ቤት ማስተማር የሚያምረው ወላጅ አለ። ግን ቤት ማስተማር ነፃ አይደለም። አንድ ሰው ቤት መዋል አለበት፤ የዚያ ሰው ደሞዝ ወይም ሱቅ ቀረ ማለት ነው። መጽሐፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ለከባዱ ትምህርት አስጠኚ አለ። ይህን ደምሩና ከክፍያው ጋር አወዳድሩት። ምክንያታችሁ ብር ብቻ ከሆነ፣ ጥሩ የሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገብታችሁ የተረፈውን በመጽሐፍና በአስጠኚ ላይ ብታውሉት ይሻላል እላለሁ።

ድባቡን በተመለከተ ወላጅ የሚፈራው ግልጽ ነው፤ ከግቢው በር ብዙም ሳይርቅ ጫት ቤት አለ፣ ሺሻ ቤት አለ፣ ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ይልካሉ። ላይ በላይ ደግሞ ጉልበተኝነት። ልጁ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ የሚል ከሆነ፣ ደብተሩ እየተቀደደ የሚመጣ ከሆነ፣ ብር እየጠፋበት ከሆነ ዝም አትበሉ። መጀመሪያ የክፍል ኃላፊውን፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን፣ ከዚያ የወላጅ ኮሚቴውን። ካልሆነ ትምህርት ቤት ቀይሩ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ልጁ አሁንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን፣ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ያህል ቤት ውስጥ አርፎ መማሩ ሊያድነው ይችላል፤ እዚህ ላይ አላቅማማም።

ከውጭ የተመለሱ ቤተሰቦችም አሉ። አባት ወይም እናት ለዩኒቨርሲቲው ሥራ ወይም ለፕሮጀክት ጅማ መጥተው፣ ልጁ አማርኛም አፋን ኦሮሞም አያነብም። እንዲህ ላለ ልጅ ጥቂት ወር ቤት ውስጥ ፊደልና ቁቤ ተምሮ መግባት ጥሩ ድልድይ ነው። የረዥም ሕመም ያለበት፣ ሕክምና የሚመላለስ ልጅም እንደዚሁ። በሃይማኖት ምክንያት የሚያስወጡም አሉ፤ ለእነሱ የምለው አጭር ነው። መድረሳውም ሰንበት ትምህርት ቤቱም ከትምህርት ቤት ጎን ለጎን ሲሄድ የኖረ ነገር ስለሆነ፣ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው የግድ አይደለም።

ቤት ማስተማር ያልሆነ ነገር

ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ «ቤት ትማራለች» ማለት፣ ከዚያ ውኃ መቅዳት፣ ታናሽ መጠበቅ፣ እንጀራ መጋገር እሷ ላይ መጫን ቤት ማስተማር አይደለም። ልጅቷን ማስቀረት ነው። ቤት የምትማር ሴት ልጅ ካለቻችሁ የትምህርት ሰዓቷ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በዚያ ሰዓት እንግዳ ቢመጣ ቡና የሚያፈላው ሌላ ሰው ይሁን። ወንድሟ ትምህርት ቤት እየሄደ እሷ ብቻ ቤት ከሆነች ደግሞ ለምን እሷ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱን ለእሷ ፊት ለፊት ልትነግሯት የምታፍሩበት ከሆነ መልሷት።

አካል ጉዳት ወይም የዕድገት ችግር ያለበትን ልጅ ከሰው ዓይን መደበቅም ቤት ማስተማር አይባልም። ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሰው ማየት፣ ባለሙያ ማግኘት አለበት። የትኛው ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍልና መምህር እንዳለው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ቤት የምታስተምሩት ትምህርት ቤቱ ስላልተመቸው ይሁን፣ ጎረቤት ምን ይላል ብላችሁ አይሁን።

ከመምህር ጋር ተጣልቶ በንዴት ማስወጣትም አለ። ንዴቱ እስኪበርድ ጠብቁ።

እሺ፣ ወሰናችሁ እንበል

የመጀመሪያው እግራችሁ ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሁን። ልጁን ካስወጣችሁ በኋላ ሳይሆን በፊት። የምትጠይቁት ይህን ነው፤ ልጃችን ቤት ሊማር ነው፣ ይፈቀዳል ወይ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በየት በኩል ይቀመጣል፣ ነገ መመለስ ብንፈልግ በምን ማስረጃ የትኛው ክፍል ይመደባል? ጥያቄውን በማመልከቻ አድርጉት፣ ቅጂውን አስቀሩ፣ መልሱም በጽሑፍና በማኅተም ይሁን። በቃል «ችግር የለውም» ያላችሁ ሰው በዓመቱ ሌላ ቢሮ ተዛውሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ልጁን አታስወጡ፤ ፈተና የማይቀመጥ ልጅ መንገዱ ይዘጋበታል። ከትምህርት ቤቱም የውጤት ካርዱንና መሸኛውን ተቀብላችሁ ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር በአንድ ፋይል ያዙ።

ቀጥሎ መጽሐፍ። የአገሩን ሥርዓተ ትምህርት አትልቀቁ። አሁን አደረጃጀቱ 6-2-4 ነው፤ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ። የታችኞቹን ክፍሎች መጻሕፍት የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው የሚያዘጋጃቸው፣ የላይኞቹ በፒዲኤፍ ይገኛሉ። ኔትወርክ ደህና ሲሆን አውርዳችሁ ስልክና ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ዋና ዋናውን ደግሞ አሳትሙት። መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ትምህርቱ መቆም የለበትም። የውጭ አገር የሚያማምሩ ቪዲዮዎችን ብቻ ተከትሎ የሄደ ልጅ ክልላዊ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ጥያቄው ባዕድ ይሆንበታል።

ማን ያስተምር? ዲግሪ ያለው ወላጅ ብቻ ነው የሚችለው የሚባለውን አልቀበልም። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጅ የሚያስፈልገው ታጋሽ ሰው ነው፣ በየቀኑ በሰዓቱ የሚገኝ። አያት ተረት ትናገራለች፣ ልጁ የሰማውን ይጽፋል፤ ይህ በቂ የጽሑፍ ትምህርት ነው። ከ5ኛ ክፍል በኋላ ግን ሒሳቡና እንግሊዝኛው ይጠነክራል። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ለማስጠናት ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ አይጠፋም። መታወቂያውን አይታችሁ፣ የሚያውቀውን ሰው ጠይቃችሁ፣ ትምህርቱ ሁልጊዜ ሳሎን፣ በር ክፍት ሆኖ፣ የቤት ሰው ባለበት ይሁን። ይህን ስትሉት ቅር የሚለው አስጠኚ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

የቀኑ አያያዝ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ትምህርት ቤቱን ቤት ውስጥ ለማስቀመጥ በመሞከር ነው። ደወል፣ ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ። አያስፈልግም። ክፍል ውስጥ ስም ጥሪው፣ ዝም በሉ ማለቱ፣ ደብተር እርማቱ የሚበላው ጊዜ ቤት ውስጥ የለም። ለ7 እና ለ8 ዓመት ልጅ ጠዋት ሁለት ሰዓት በደንብ ከተሠራበት ይበቃል፤ ለ11 እና ለ12 ዓመት ከሦስት እስከ አራት። ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ንባብ፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ሻይ ተጠጥቶ ጽሑፍ፣ አንድ ቀን ሳይንስ አንድ ቀን ኅብረተሰብ። ከሰዓት ውጭ ይሁን። ልጁ በጉልበተኞች ተጎድቶ የወጣ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ደብተር አታስይዙት። ይተኛ፣ ይጫወት፣ አትክልት ያጠጣ። ራሱ «ምን ላድርግ?» ማለት ሲጀምር ትጀምራላችሁ።

ጅማ እያለች መማሪያ የለም አይባልም

ይህን ክፍል ሳስበው ደስ ይለኛል። በጥቅምትና በኅዳር ቡና ሲለቀም አንድ ኪሎ እሸት ቡና አምጡና ልጁ ይመዝነው። በየሦስት ቀኑ እንደገና ይመዝን፣ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ በሠንጠረዥ ይጻፍ። ምን ያህሉ ውኃ ነበር? በመቶኛ ስንት ቀነሰ? ይህ የ6ኛ ክፍል ሒሳብም ሳይንስም ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ንገሩትና አንድ ኩንታል ስንት ፈረሱላ እንደሚወጣው ያስላ፤ 5 ፈረሱላ ይሞላና 15 ኪሎ ይተርፋል። ገበያ ወስዳችሁ ነጋዴው በቃሉ ሲያሰላ ይስማ። የቡና ዘር አፈር ውስጥ ከቶ እስኪበቅል ሳምንታት ሲጠብቅ ደግሞ ምልከታ መመዝገብ ይማራል፣ ትዕግሥትም።

ታሪክ ከፈለጋችሁ ጅሬን ውጡ። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ነው፤ የገዙት ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ ከመሄዱ በፊት አምስቱን የጊቤ መንግሥታት ካርታ ላይ ያግኝ፤ ጅማ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ። ቤተ መንግሥቱን ሲያይ የእንጨት ሥራውን ይሣል፣ አስጎብኚውን የሚጠይቀውን ሦስት ጥያቄ አስቀድሞ ይጻፍ። ከተማው ውስጥ ያለው ሙዚየምም የንጉሡን ዕቃዎች ይዟል።

ለጂኦግራፊ የአዌቱን ወንዝ ተከተሉ። ከተማዋን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ ወደ ጊቤ፣ ኦሞ፣ በመጨረሻ ቱርካና ሐይቅ። በአገር ካርታ ላይ ልጁ በጣቱ ይሂድበት። በመንገዱ ላይ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የመጀመሪያውን ግልገል ጊቤ ግድብ ያገኛል፣ ወደ ታች ወርዶ ደግሞ 1,870 ሜጋዋቱን ጊቤ 3። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስንት እጥፍ ነው ብላችሁ ጠይቁት። ከቤቱ አጠገብ የሚፈሰው ውኃ የት እንደሚደርስ ያወቀ ልጅ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ ሲጣል ሲያይ ዝም አይልም። ቦዬ ስትሄዱ ወፎቹን ይቁጠር፣ ግን ውኃው ዳር ብቻውን አይቅረብ።

ጓደኛ

«ልጁ ሰው ይፈራል» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፣ አትናቁት። በ2012 መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆች ምን ያህል እንደተጨነቁ ሁላችንም አይተናል፤ የናፈቁት ትምህርቱን ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ጓደኝነት በዕቅድ ውስጥ ይግባ። ሠፈር ኳስ፣ መድረሳ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የአጎት ልጆች፣ ቤት የሚያስተምር ሌላ ቤተሰብ ካለ በሳምንት አንድ ቀን አብሮ መማር። ልጁ ከወላጁ ሌላ የሚያምነው አንድ ትልቅ ሰው ይኑረው፣ አክስት ትሁን የድሮ መምህሩ፣ የከፋው ነገር ካለ የሚነግራት። ቤት የሚማር ልጅን በየቀኑ የሚያየው መምህር የለም፤ ቤት ውስጥ ችግር ቢኖር ማን ያውቃል? ይህን ቀዳዳ ወላጅ ራሱ መድፈን አለበት።

ልኬት

እየተማረ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በስሜት አይሁን። ቀን የተጻፈበት ደብተር ይኑረው፣ የተሠራው ሁሉ አይጣል። በየወሩ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ አንድ የሒሳብ ፈተና፣ በስልክ የተቀዳ የንባብ ድምፅ አስቀምጡ። የመስከረም ወሩን ንባብ ከጥር ወሩ ጋር ስታሰሙት ለውጡን ልጁ ራሱ ይሰማዋል። በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ደግሞ ዘመድ ያልሆነ መምህር ለምኑ፣ በክፍሉ ደረጃ ይፈትነው። ወላጅ ለልጁ ያዳላል፣ ወይም ከመጠን በላይ ይጨክንበታል። መምህሩ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወደ ኋላ ቀርቷል ካላችሁ ዘዴውን ቀይሩ ወይም መልሱት።

መመለስ

ያ በመጀመሪያ የጻፋችሁት ወረቀት እዚህ ይጠቅማችኋል። ምክንያቱ ጉልበተኝነት ከነበረና ልጁ አሁን «መቼ ነው የምገባው?» ካለ፣ ምክንያቱ ቋንቋ ከነበረና አሁን አቀላጥፎ ካነበበ፣ ወይም ሥራችሁ ተቀይሮ የሚያስተምር ሰው ከጠፋ፣ መመለስ ሽንፈት አይደለም። ምዝገባ ሳይጠበብ በክረምት ጀምሩ። ፋይሉን፣ ካርዱን፣ መሸኛውን፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤ፣ ከደብተሮቹ የተመረጡ ገጾችን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጁን በዕድሜው ብቻ ከሚመድቡት የመግቢያ ፈተና እንዲሰጡት ጠይቁ። ነሐሴ ላይ በሰዓት መነሳትን፣ በተወሰነ ደቂቃ ጽፎ መጨረስን፣ ከሰሌዳ መገልበጥን ያለማምድ። ክረምቱ መንገዱን ስላጨቀየው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእግር ነው በባጃጅ የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ፣ እዚያው ክፍል የሚማር የሰፈር ልጅ ካለ ደግሞ ከእናቱ ጋር ተነጋግራችሁ አብረው እንዲሄዱ አድርጉ።